ባቄላው ጆንያ ሲሆን

አንዲት ፍሬ ባቄላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን «ይህ ጆንያ ነው» ብንባባል ምን ተፈጠረ? ባቄላው አልተለወጠም፤ ጠረጴዛውም ያው ነው። ነገር ግን ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ስለዚያ ስፍራ እውነትም ሐሰትም መናገር ይቻላል። እንዴት?

ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ ሩቅ አገር የተወለደ ጨዋታ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን ጀብደኛ ሚና ይዘው የከርሰ ምድር ክፍሎችን ያስሳሉ፤ ያጠራጠረውን ዳይስ ይቆርጠዋል። ጨዋታው በቃል ብቻ ሊሄድ ይችላል። ብዙዎች ግን ከአውራ ጣት ያጠሩ ምስሎችን ያቆማሉ፤ በዙሪያቸውም በርሜል፣ ሳጥን፣ የተሰበረ ዓምድ፣ የአጥንት ክምር ይበትናሉ፤ ሁሉም ደቃቅ፣ ሁሉም ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ። ቃል የሚበቃ ከሆነ ይህ ሁሉ ዕቃ ለምን?

መልሱን የፈለግሁት ልጅነቴ ባለፈበት የእህል ገበያ፣ በእህል በረንዳ ነው። መጋዘን ሲከፈት ባዶ አራት ግድግዳ ነው። ኤፍኤስአር የተባለው የጭነት መኪና ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ተሸካሚዎች ኩንታሉን በትከሻቸው ያስገባሉ፤ ጤፉ በአንድ ወገን፣ ስንዴው በሌላው ይደረደራል። ከሰዓት ላይ በድርድሩ መሃል ሰው በጎኑ የሚያልፍባት መተላለፊያ፣ ልጅ የሚደበቅባት ጥግ፣ ደላላ የሚያርፍባት መቀመጫ ተፈጥራለች። ግንብ የገነባ የለም። እህሉ ተሸጦ ሲወጣ መተላለፊያዋም ጥጓም አብረው ይሄዳሉ። የአንድን ክፍል መልክ የሚሰጠው በውስጡ ያለው ነገር የሚከለክለንና የሚፈቅድልን መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው።

ቤት ስንገባ ዕቃቃ እንጫወት ነበር። ቆርኪ ሳህን፣ የክብሪት ቀፎ አልጋ፣ ቆረቆንዳ ሕፃን፣ ባቄላ ጆንያ። በዚያኛው፣ በባለ ዳይሱ ጨዋታ ልማድ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ 1.5 ሜትር ያህል መሬት ነው፤ አንድ ሜትር የሚቆም ጆንያ እንግዲህ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ትልቅ ባቄላ ልኩ ነው። ሳንለካ አግኝተነው ነበር፤ አሁንም ይገርመኛል።

ቢሆንም ሥራውን የሠራው መመሳሰሉ አይመስለኝም። ነጋዴ ከጆንያ እፍኝ ዘግኖ ለገዢ ሲያሳይ እፍኙ ስለ መቶው ኩንታል ይመሰክራል፤ ከዚያው እህል ነውና። ከላይ ማኛ፣ ከሥር ሰርገኛ ከሆነ እፍኙ ዋሽቷል። የእኛ ባቄላ ግን ናሙና ስላልነበረ ሊዋሽ አይችልም። የገበጣ ጠጠርም አልነበረም። ጠጠር ከጠጠር አይለይም፤ የሚቆጠረው ብዛቱ ነው። የእኛው «በር አጠገብ ያለው፣ የተቀደደው» የሚል መታወቂያ ነበረው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኬንዳል ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ የዛፍ ጉቶን ሁሉ ድብ ነው ብለው ጫካ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆችን ያነሳል። ቁጥቋጦ ውስጥ ማንም ያላየው ጉቶ ካለ፣ በጨዋታው ማንም ያላየው ድብ አለ። ይህን ሳነብ ቁም ሳጥን ሥር የተንከባለለች ባቄላ ትዝ አለችኝ። ማናችንም ሳናያት ከመጋዘናችን አንድ ጆንያ ጎድሎ ነበር። ስንቆጥር ደረስንበት፤ «ሌባ ገብቷል» ተባለ፤ ጨዋታው እስኪመሽ ሌባ ፍለጋ ሆነ። በቃል ብቻ ብንጫወት ኖሮ ሳንናገረው የሚጎድል ጆንያ አይኖርም ነበር። ዕቃው ከሐሳባችን ውጭ ስለቆመ አስደነቀን። ስንጣላም ለሁለታችንም ምስክር ነበር። ቃል ብቻ ባለበት አራት ተጫዋች አራት ክፍል ያያል።

ዕቃ ሲበዛ ሐሳብን ያደኸያል የሚሉ አሉ፤ በከፊል እስማማለሁ። የተሟላ የፕላስቲክ ማዕድ ቤት የተገዛለት ልጅ ምድጃውን ከምድጃነት ሊያወጣው ይቸገራል። ግን ጥፋቱ የብዛት ሳይሆን የሥራ ማጣት ይመስለኛል። ጥሩ ዕቃ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይሸሽጋል፣ ወይም የሆነውን ይናገራል። እህል በረንዳ መሬት ላይ የስንዴ መስመር ያየ ሰው ቀዳዳ ጆንያ በየት እንዳለፈ ያውቃል፤ ሴቶች እየተከተሉ ጠርገው፣ በሰፌድ ከአፈሩ እስኪለዩት ድረስ። ከክፍሉ ጥግ የተገለበጠ በርሜል ያኖረ ተራኪም ያንኑ አደረገ፤ ክፍሉ ተጫዋቾቹ ከመግባታቸው በፊት የኖረ ሆነ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልፈታ ብሎኛል። ማታ እናታችን ባቄላውን ለቅማ፣ አጥባ ለንፍሮ ትጥደው ነበር። በማግስቱ ሌላ ባቄላ አምጥተን እንደረድራለን።

«የተቀደደው የታለ?» ይላል ወንድሜ።

«ያውና፣ በሩ ጋ» እለዋለሁ። ሄዶ ይሰፋዋል።