እማማን ማን ገዛቸው?

ጥር 2011 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ለዘመድ ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። የደብረ ብርሃንን የጥር ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ላልቀመሰው ማስረዳት አይቻልም። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና ጠዋት ጠዋት ለቀስተኛው ሁሉ በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በሐዘን ይሁን በብርድ ሳይለይ ይንቀጠቀጣል። እኔም ከድንኳኑ ሸሽቼ ጓዳ ውስጥ የከሰል ምድጃ አጠገብ ስቀመጥ፣ ካሜራ እንደ ሕፃን አቅፎ እሳት የሚሞቅ አንድ ወጣት አገኘሁ። የሟች የእህት ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት አይደል?» አለኝ።

እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አንድም ሊያመሰግነኝ፣ አንድም ሊጣላኝ ነውና ተጠንቅቄ «አዎ» አልኩት። ሁለቱንም አላደረገም። ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ።

ምን ልበላችሁ! አንዲት አሮጊት ኩበት የሞላ ጆንያ አዝለው፣ ጎንበስ እንዳሉ ቀና ብለው ያያሉ። ከኋላቸው የአንኮበር ገደል ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል ይወርድና ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። የጠዋት ፀሐይ ፊታቸው ላይ ያረፈችው መስመር በመስመር ነው። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን «ዝርዝር! ዝርዝር!» እያልኩ ሳሰለች ኖሬአለሁ። ይሄ ልጅ ማንም ሳይነግረው ገብቶታል።

«የት ነው?»

«ጎረቤላ፣ አንኮበር። ተሸጧል እኮ ጋሼ! አሥራ አንድ ጊዜ።»

ልጁ በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ የቆየ ነው። ካሜራውን ያገለገለ ዕቃ ሆኖ የላከችለት አሜሪካ ያለች አክስቱ ናት፤ የሽያጩም ገንዘብ የሚገባው በእሷ ሒሳብ ነው። በኢንተርኔት ፎቶ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ከሁሉም ስሙ የገነነው ሹተርስቶክ እ.ኤ.አ. በ2003 ኒውዮርክ ውስጥ የተቋቋመ ነው። ፎቶህን ታስቀምጣለህ፤ ከዓለም ዳርቻ አንዱ መጥቶ ይወስዳል፤ ላንተ ድርሻህ ይደርስሃል። ልጁ በአንዱ ሽያጭ ያገኘው 25 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ሰባት ብር ገደማ። (ሹተርስቶክ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2020 ጀምሮ ዝቅተኛውን ክፍያ 10 ሳንቲም አድርጎታል።) አሥራ አንድ ጊዜ ተሸጠው እማማ ያወጡት እንግዲህ ሰባ ሰባት ብር ነው። በዚያ ዘመን በግ ቀርቶ ደህና ዶሮም አይገዛ።

ገንዘቡ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ከፎቶው ሥር የተደረደረው ቃል ነው። ገዢ ፎቶ የሚፈልገው ቃል ጽፎ ነውና፣ ሻጩ ለእያንዳንዱ ሥዕል መፈለጊያ ቃላት ያስገባል፤ እስከ 50 ቃል የሚፈቀድበት ቦታ አለ። ልጁ እየጎተተ አሳየኝ። አፍሪካ። ኢትዮጵያ። አሮጊት። ድህነት። ረሃብ። ድርቅ። ተስፋ መቁረጥ። ስደተኛ።

«ስደተኛ?»

«ይፈለጋል ጋሼ።»

«ለመሆኑ እኚህ ሴትዮ ተርበዋል?»

«ኧረ ምን በወጣቸው! አሥራ ምናምን በግ አላቸው። ጠላ ሁሉ ጋብዘውኛል።»

ከዚያ የነገረኝን ግን እሱም እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ። «ፎቶ ላንሳዎት ስላቸው ‹ቆይ ልልበስ› ብለው ነጭ ቀሚሳቸውን ሊያወጡ ገብተው ነበር። ‹አይ እማማ፣ እንዳሉ ይሻላል፤ ጆንያውንም እንዳዘሉት ይሁን› አልኳቸው።»

ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ያን ሁሉ መንገድ ስጓዝ ከአእምሮዬ ያልወጣችው ይህች «ቆይ ልልበስ» ናት።

የእኔ ዘመን ሰው ፎቶ ቤትን ያስታውሳል። ፎቶ መነሳት ዓመት በዓልን ያህል ዝግጅት ነበረው። ፀጉር ተቀብቶ፣ ጫማ ተወልውሎ ይኬዳል። ፎቶ ቤቱ በር ላይ መስታወት ተሰቅሏል፤ አጠገቡ በክር የታሰረ ማበጠሪያ። ኮት የሌለው እዚያው የተሰቀለውን ኮት ከነክራባቱ ያጠልቃል፤ ኮቱ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ልክ ነው፤ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይጠባል። ከጀርባህ መጋረጃ ላይ የተሳለ ሐይቅ ወይም አውሮፕላን ይኖራል። አንሺው መጥቶ አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ ያደርጋል። ፊትህ ላይ ጠባሳ ካለ ማታ ኔጋቲቩን በእርሳስ እየነካካ ያጠፋልሃል። በሳምንቱ ሄደህ ስትቀበል «ይሄ እኔ ነኝ?» ትላለህ፤ ደስ ብሎህ ነው ታዲያ። ከዚያ ጀርባው ላይ ለማስታወሻ ብለህ ጽፈህ ለወዳጅ ትሰጣለህ።

የእናቴ ብቸኛ የወጣትነት ፎቶ እንዲህ የተነሳ ነው። ክንዷ ላይ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥላለች። ቦርሳው የፎቶ ቤቱ ነው፤ እሷ በዕድሜዋ ሙሉ ቦርሳ ኖሯት አያውቅም፤ ገንዘቧን የምትቋጥረው በመቀነቷ ጫፍ ነበር። ውሸት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ውሸት ነው። የእማማም ፎቶ ከነ«ረሃቡ» ውሸት ነው። ሁለቱ ውሸቶች ግን አንድ አይደሉም። የእናቴን ውሸት የመረጠችው እናቴ ናት። የእማማን የመረጠላቸው ሌላ ነው፤ እሳቸው የመረጡት ነጩ ቀሚስ ሣጥን ውስጥ ቀርቷል።

ይሄ ልዩነት ከየት መጣ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ፣ ነገሩ የልጁ ክፋት ሆኖ አላገኘሁትም። ልጁ ደግ ልጅ ነው። የተለወጠው ከፋዩ ነው። ድሮ ለፎቶው የሚከፍለው ተነሺው ነበር፤ ስለዚህ አንሺው የሚደክመው ተነሺውን ደስ ለማሰኘት ነው። አሁን የሚከፍለው ተመልካቹ ሆነ፤ ያውም ሩቅ ያለ፣ ጎረቤላን በካርታ ላይ የማያገኛት ተመልካች። እሱ ደግሞ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ባለ በግ አሮጊት አላዘዘም።

አዲስ ነገር ግን አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቃ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ፣ እንግሊዞች ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን ይዘው ሄዱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። እንግሊዝ ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1868፣ ዋይት ደሴት ላይ ስመ ጥሯ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራዋ ፊት አስቀመጠችው። ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ እንደ ሐበሻ ለብሶ አብሮት የተነሳበትም አለ። እኔ እነዚያን ፎቶዎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ ልጁ በአንዱም ላይ አይስቅም። ካሜሮን ትልቅ ጥበበኛ ናት፤ ሥራዎቿንም ትሸጥ ነበር። የልጁን ሐዘን ያየ ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ሳይል አልቀረም። በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ፎቶው ዛሬም በየሙዚየሙ አለ።

በበነጋው ለልጁ ስልክ ደወልኩና የከነከነኝን ነገርኩት። ዝም ብሎ የሚሰማ አልሆነም።

«ፈቅደውልኛል እኮ!» አለ። ሕጉን ጠቀስኩለት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በቁጥር 27 ላይ የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። በቁጥር 28 ደግሞ ዝነኛ ሰውን፣ የመንግሥት ሹመትን፣ ፍርድና ፖሊስን፣ ሳይንስን፣ ባህልን፣ ትምህርትን፣ የአደባባይ ክንዋኔን ለይቶ ያስቀራል። ጠበቆች በዚህ ላይ ሲከራከሩ ይዋሉ። የእኔ ጥያቄ ግን ቀለል ያለ ነው፦ እማማ «እሺ» ሲሉ እሺ ያሉት ለምኑ ነው? እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ፎቶ ተመልሶ ወደ ተነሺው የሚመጣ ነገር ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። እሺ ያሉት ለዚያ ነው እንጂ ለ«ስደተኛ» አይደለም።

«ታዲያ ድህነታችንን እንደብቅ ጋሼ?» አለ። ይህኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ደብቀን አይተነዋል። በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ዓለም ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ባነሳው ፊልም ነው፤ ያ ፊልም ባይኖር ስንቱ ሳይነገርለት ያልቅ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ መሐመድ አሚን የቀረጸውም እንዲሁ። እዚያ ረሃብ የሚለው ቃል የሥዕሉ የራሱ ነው፤ ማንም ለገበያ ብሎ አልለጠፈበትም። ያም ሆኖ የዲምብልቢን ፊልም ደርግ ንጉሡን በሚያወርድበት ዋዜማ፣ የቤተ መንግሥት ድግስ እያስገባበት በቴሌቪዥን አሳየው። እኔ ሕፃን ስለነበርኩ አላስታውስም፤ ታላላቆቼ ግን «ማታውኑ ልባችን ሸፈተ» ይላሉ። ረሃቡ እውነት፣ ድግሱ እውነት። መቀሱ የማን ነበር?

ይህን ሁሉ ስደሰኩር ቆይቼ ልጁ በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ስለ ልብስ አጣቢዋ የጻፏት ጽሑፍ አለች አይደል? እናቴ አልቅሳባታለች። ለሴትዮዋ ምን ሰጧት?»

ስልኩን ይዤ ቀረሁ።

ልንገራችሁ እንግዲህ። ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። ስለ እሷ ጽፌአለሁ፤ የጽሑፍ ዋጋዬንም ተቀብያለሁ። ባሏን በጽሑፉ ላይ ሰካራም አድርጌዋለሁ። ሰውየው በእውነቱ ጨዋ ወዛደር ነው፤ ጠጪ እንኳ አይደለም። ግን ጨዋ ባል አንባቢ አያስለቅስም። ስሟን ስለቀየርኩ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ልጇ ግን ይችላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች፤ አጠበች፤ ሒሳቧን ተቀበለች። ምንም አልተናገረችም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ዘፍዝፋ እስኪርስ ስትጠብቅ ታጫውተኝ የነበረውን የቤቷን ወሬ አቆመች። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ተመስገን» ብቻ። ምን እንደሆነች የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ሳልጠይቃት ሥራ ቀየረች።

ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። «ምንም አልሰጠኋትም» ብቻ አልኩት።

በየካቲት መጨረሻ እሱ ደወለልኝ። ጎረቤላ ተመልሶ ሄዷል። ፎቶውን በትልቁ አሳጥቦ ወስዶላቸዋል፤ ሰባ ሰባት ብሩንም እንዲሁ። ገንዘቡን ተቀብለው ፎቶውን አየት አደረጉና «ኩበት ተሸክሜ ነው እንዴ?» ብለው ዘቅዝቀው አስቀመጡት አለኝ። ከዚያ ገብተው ነጩን ቀሚስ ለብሰው፣ የአንገት መስቀላቸውን አውጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው «አሁን አንሳኝ» አሉት። አነሳቸው። ሰዎች እንደገዟቸው ሲነግራቸው ብዙም አልገረማቸው፤ «ማን ብለው ነው የሚጠሩኝ?» ብለው ብቻ ጠየቁት። (ስማቸውን እኔም እዚህ አልጻፍኩም፤ አላስፈቀድኩማ።)

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ምን እላለሁ ጋሼ! ዝም አልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ቃሎቹን ቀየርኳቸው። አንኮበር፣ እናት፣ ኩበት፣ ጠዋት፣ ገደል አልኩ። የነጭ ቀሚሱንም አብሬ አስቀመጥኩት።»

ከዚያ ወዲህ የኩበቱ ፎቶ በዓመት አንድ ሁለቴ ቢሸጥ ነው። የነጭ ቀሚሱን እስካሁን የገዛው የለም። ልጁ ዛሬ የሠርግ ፎቶ እያነሳ ይኖራል፤ ኪራዩን ይከፍላል፤ የእህቱንም የትምህርት ወጪ ይሸፍናል። ባለፈው ሲደውልልኝ «ቃሎቹን ልመልሳቸው ይሆን እንዴ ጋሼ? የካሜራው ሌንስ ተሰብሮብኛል» አለ። ምን እንደምመልስለት እያሰብኩ ነው።