የሰባኪ እንጀራ

በሆሳዕናና በዱራሜ ከንግግር የሚገኝ እንጀራ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው የአዳራሽ አነቃቂ ተናጋሪ ሳይሆን ሰባኪው ነው። ታሪኩም ሩቅ ነው፤ ወደ ጅማ የተነሳው የዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚሲዮን ቡድን በ1920 ዓ.ም. ጉዞውን ለውጦ ሆሳዕና ደረሰ። ጣልያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ ግን ስብከቱ አልቆመም፤ የአገሬው ወንጌላውያን ቀጠሉበት።

ታዲያ ለቃል ዋጋ መቀበል ይገባል?

ጳውሎስ ራሱ አንድ መልስ አልያዘም። በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖረ፤ ለዚያው ጉባኤ ሲጽፍ የሰባኪን የመተዳደር መብት በወታደር፣ በወይን ተካይና በእረኛ ምሳሌ አጥብቆ ተከራከረ፤ ወዲያው ግን በመብቱ እንዳልተጠቀመ ነገራቸው። ከፊልጵስዩስ የመጣለትን እርዳታ ደግሞ ተቀበለ! ጥያቄው እንግዲህ ከክፍያው ይልቅ ከፋዩ ማን ነው፣ ሰባኪውንስ ዝም ሊያሰኘው ይችላል ወይ የሚለው ይመስላል።

ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ጠንከር ይላል፦ ተጓዥ ሐዋርያ ሲሄድ ለመንገዱ እንጀራ ይሰጠው፣ ገንዘብ ከጠየቀ ግን ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ከምእመናን ጋር ለሚሰነብተው እውነተኛ ነቢይ ግን ከመከሩ በኵራት ይፈቅዳል። በጓሮው እንሰት የሚተዳደር የገጠር ወንጌላዊ ከዚህ ሕግ ጋር ብዙ አይጋጭም። በየጉባኤው እየዞረ አስቀድሞ ዋጋ የሚቆርጠው ግን ይጋጫል።