መንገድ የሚስተው ዕጩ መኮንን

ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ የደብረ ብርሃን፣ አንዱ የጎሬ። ስማቸው ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ጥቂት አይደለምና አንባቢ የሚያውቀውን ስም ያስገባበት። ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሁለቱም ለሐረር የጦር አካዳሚ ተመረጡ። አካዳሚው በ1950 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አስተማሪዎቹ የሕንድ ጦር መኮንኖች፣ አርአያው የእንግሊዞቹ ሳንድኸርስት፣ የትምህርቱም ጊዜ ሦስት ዓመት ነበር። ሆለታ ብዙዎቹን ዕጩዎች ይቀበል የነበረው ከወታደሩ መካከል ሲሆን፣ ሐረር ግን ከየትምህርት ቤቱ መርጦ ይወስድ ነበር። መመረጡ ራሱ ድግስ የሚያስደግስ ነገር ነበር።

ደብረ ብርሃን ላይ በግ ታረደ። ልጁ ሯጭ ነው። በዚያ ብርድ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ እስከ ከተማው ዳር ሮጦ ሲመለስ ላብ እንጂ ድካም አይታይበትም። ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ይሄ እኮ ሲፈጠርም መኮንን ነው» የሚለው ዓይነት ልጅ። ሊሄድ ሁለት ወር ሲቀረው ሩጫውን እጥፍ አደረገ፤ ደረቱንና ክንዱን አጠነከረ፤ አባቱ አዲስ ከስክስ ጫማ ገዙለት። ጫማው እንዳያረጅ ከነካርቶኑ ተቀመጠ።

ጎሬ ላይ ድግስ አልነበረም። የልጁ አጎት በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች ማስተማር በጀመሩበት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ከገቡት ወጣቶች አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። ወሬውን ሲሰሙ ገበያ ወርደው ያገለገለ ከስክስ ጫማ በልኩ ገዙና «ከዛሬ ጀምረህ ይህን አድርገህ ነው የምትውለው» አሉት። የጎሬን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጁ በዚያ ጭቃ ሽቅብ ቁልቁል ሲል እግሩ ውኃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ ደረቀ፣ እንደገና ቋጠረ። ማታ ማታ አጎቱ የከሰል ካውያ አቅርበው ሸሚዝ ያስተኩሱታል፣ ቁልፍ እየበጠሱ ያስተክሉታል። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ በሩን ያንኳኩና «አልጋህን አንጥፍ» ይሉታል። ያነጥፋል። አይተው ያፈርሱታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው? እዚያ ያስተምሩኝ የለ እንዴ?» አለ አንድ ቀን።

«ጫማው፣ ካውያው፣ እንቅልፉ እዚሁ ይለቅ። እዚያ ስትደርስ ሐሳብህን እነዚህ እንዳይበሉብህ ነው። እዚያ ሌላ ሥራ ይጠብቅሃል።»

«ምን ሥራ?»

«መሳሳት።»

ልጁ ቀልድ መሰለው። አጎቱ ግን ቡናቸውን አስቀምጠው ከዚያ በፊት ለማንም ያላወሩትን አወሩ። «ሚያዝያ 1928 ነው። ማይጨው ላይ ጦራችን ተፈትቶ ጣሊያን በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ እኛን ጣርማበር ላይ ያዙ አሉን። ትምህርታችንን አልጨረስንም። ትናንት ተማሪ የነበርን ልጆች ዛሬ አዛዥ ተባልን። ኋላ ስናፈገፍግ ጨለማ ነው፤ ጭጋጉ የገዛ እጅህን አያሳይህም። አንድ ወታደር፣ አባቴ የሚሆን ሰው፣ ‹ጌታዬ፣ በየት በኩል ነው?› አለኝ። አላውቅም። አላውቅም ማለትን ግን ማን አስተምሮኝ! እጄን ዘርግቼ ‹በዚህ› አልሁት። ሰው ሁሉ እጄን ተከትሎ ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ቡናህ በረደ፤ ጠጣ» አሉት። ትንሽ ቆይተው ግን ይህን ጨመሩ፤ «እዚያ ስትገባ የማትችለውን ትምህርት ፈልገህ ያዝ። የምትችለውንማ እዚህም ትችለዋለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይሳቅብህ፤ ዋጋው ሳቅ ብቻ የሆነበት ጊዜ ዳግመኛ አታገኝም።»

ሐረር ሲደርሱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጫማ፣ የአልጋና የሰልፍ ሜዳ ሳምንታት ነበሩ። ጥሩምባ ይነፋል፣ ፍተሻ ይመጣል፣ ብርድ ልብሱ ላይ አንድ እጥፋት ከተገኘ አልጋው ይገለበጣል። የደብረ ብርሃኑ ልጅ አዲሱ ጫማ ተረከዙን ላጠው፤ ጠንካራ ነውና ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ከሰዓት በኋላ ክፍል ሲገቡ ግን አብዛኛው ልጅ የሚያዳምጠው አስተማሪውን ሳይሆን ተረከዙን ነበር። የጎሬው ልጅ እግር ቆዳው ቀድሞ ደንድኗል፤ እንቅልፉም ቀድሞ ተሰብሯል፤ ስለዚህ ያዳምጣል። የአጎቱ ጭቃ ያተረፈለት ይህንኑ ነው። ማንም ሽልማት የማይሰጥበት ትርፍ ነው፤ ልጆቻቸውን ወደ ማሠልጠኛ የሚልኩ ወላጆች ከሻንጣው ይልቅ ስለ እሱ ቢጨነቁ እወዳለሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ታወቀ። በሩጫ የሚቀድመው የለም፤ ዒላማ ላይ ዓይኑ አይስትም፤ «ተጠንቀቅ!» ሲል ሜዳው ይደነግጣል። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለው፤ ካርታ። ቡናማዎቹ መስመሮች ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ መሆናቸውን በቃሉ ያውቃል። ወረቀቱን ይዞ ተራራው ፊት ሲቆም ግን ወረቀቱ ወረቀት፣ ተራራው ተራራ ሆነው ይቀራሉ፤ አይገናኙለትም። አፈረ። የሁሉ አንደኛ የሆነ ልጅ በዚህ መጨረሻ ሲሆን ማን እንዲያይበት ይወዳል? በመጀመሪያው የካርታ ፈተና ከሚችል ጓደኛው አጠገብ ተቀመጠ። በሌሊት ጉዞ የመሪነቱ ተራ ሲደርሰው ያንኑ ጓደኛውን ከጎኑ ያደርጋል፤ ጓደኛው አቅጣጫውን ያንሾካሹክለታል፣ እሱ በዚያ በሚያምር ድምፁ ያዝዛል። ጉዞው በሰዓቱ ያልቃል። መዝገቡ ላይ «ቆራጥ» ተብሎ ተጻፈለት። ውሸትም አይደለም፤ የሹክሹክታው መዝገብ ስለሌለ ነው እንጂ።

የጎሬው ልጅም በካርታ ከሱ አይሻልም ነበር። እሱ ግን የአጎቱ ነገር ከጆሮው አልወጣ ብሎ፣ ተራው ሳይደርስ እጁን አውጥቶ «የዛሬውን ሌሊት እኔ ልምራ» አለ።

ከባቢሌ መንገድ ወዲህ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቆለለበት አገር ነው። ጨረቃ የለችም። 9 ልጆች ከኋላው ተሰልፈዋል። ኮምፓሱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ጠመንጃውን እዚያው ደረቱ ላይ አጋድሞ፣ የመርፌዋን ጫፍ እያየ ሄደ። መርፌዋ ብረት ሲጠጋት እንደምትሸፍት ክፍል ውስጥ ተምሯል፤ ደብተሩ ላይም ጽፎታል። ጨለማ ውስጥ ግን ደብተር አይታወስም። ሲነጋ ራሳቸውን ያገኙት አንድ ገበሬ ማሽላ ውስጥ ነው። ውሻው ይጮኻል፤ ገበሬው ዱላውን ይዞ ወጥቶ 10 ጭቃ የለበሱ ልጆች ሲያይ ዱላውን ጥሎ ውኃ ሊያመጣላቸው ገባ።

ሕንዳዊው ሻምበል ሲጠብቅ አድሯል። አልጮኸም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ «የት እንዳለህ በርግጠኝነት ያወቅህበት የመጨረሻው ቦታ የት ነበር?» ልጁ አፉን ከፈተ፣ መልስ አልነበረውም። ያን ቀን 10ሩም ጠመንጃቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው ሰልፍ ሜዳውን ሲዞሩ ዋሉ። ከዚያ በኋላ ስሙ «መሪጌታ» ሆኖ ቀረ፤ ምግብ ቤት ሲገባ «መሪጌታ፣ ወጥ ቤቱ በየት በኩል ነው?» የማይለው አልነበረም።

በሳምንቱ እንደገና እጁን አወጣ። ጓደኞቹ ሊደበድቡት ደረሱ።

ትራሱ ሥር አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረችው። እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎባታል፤ «ጠመንጃውን ከኮምፓሱ አጠገብ ያዝሁ። ቁልቁለት ላይ እርምጃዬ ይረዝማል፤ ስለዚህ ቆጠራዬ ያንሳል። ሲደክመኝ ወደ ግራ እሳባለሁ። ስፈራ እፈጥናለሁ።» ኪሱ ውስጥ ጠጠር መያዝ ጀመረ፤ መቶ እርምጃ በሄደ ቁጥር አንዷን ከቀኝ ኪሱ ወደ ግራ ኪሱ ያዛውራል። ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ሳተ። እየቀነሰ ሄደ እንጂ ጨርሶ አልተወውም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ የተረት ነገር ሆኖ ሰነፉ መጨረሻ ላይ ጎበዝ እንዲሆን አንባቢ ይጠብቃል፤ ይህ ልጅ ግን የካርታ ሊቅ አልሆነም።

የምረቃው ዕለት የደብረ ብርሃኑ ልጅ ከፊተኞቹ ጋር ስሙ ተጠርቶ ሽልማት ተቀበለ፤ አባቱ አለቀሱ። «መሪጌታ» ከመካከለኞቹ ጋር ወጣ። ትከሻቸው ላይ ግን ያረፈው ምልክት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ምክትል መቶ አለቃ ተባሉ።

በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የድንበሩ ግጭት ተነሣ፤ ቶጎ ውጫሌ በየቤቱ ሬዲዮ የሚጠራ ስም ሆነ። ሁለቱም እዚያ ነበሩ፤ ሁለቱም መቶ ይመሩ ነበር።

የደብረ ብርሃኑ መኮንን 30 ሰው ይዞ ሳይነጋ አንድ ጉብታ ላይ እንዲደርስ ታዘዘ። እኩለ ሌሊት ላይ የት እንዳለ እንደማያውቅ አወቀ። ጆሮውን አቀና። የለመደው ሹክሹክታ የለም፤ 30 ሰው ዝም ብሎ እሱን ይጠብቃል። እርምጃውን አፈጠነ። ያን አገር ለዓመታት የረገጠው አስር አለቃ ጠጋ ብሎ «ጌታዬ፣ ትንሽ ብናርፍስ?» አለ። ወታደር አለቃውን መንገድ ስተሃል የሚለው እንዲህ ነው፤ መኮንኑም ገብቶታል። «ቀጥል» አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተለማመደው አንድ ትምህርት ነበረና፤ አለማወቁን መሸፈን። በሱማ ተክኖ ነበር። ሲነጋ ጉብታው ከጀርባቸው በስተቀኝ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ። ከ30ው የተመለሱት 24 ናቸው።

በዚያው ሳምንት የጎሬውም መኮንን መንገድ ሳተ። እግሩ ሲፈጥን ተሰማው፤ ያቺ ደብተር ትዝ አለችው። ቆመ። ሰዎቹን አስቀመጠና አስር አለቃውን ጠርቶ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «መንገድ ስቻለሁ። በርግጠኝነት የምናውቀው የመጨረሻው ቦታ የት ነው?» አለው።

አስር አለቃው ደነገጠ። መኮንን እንዲህ ሲል ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ «ደረቁ ወንዝ ነው፣ ጌታዬ፤ ያ ግራር ያለበት» አለ። ሌላው ወታደር «አዎ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ነው ወደ ቀኝ የታጠፍነው» ብሎ ጨመረ። መኮንኑ ግራ ኪሱ ውስጥ ያሉትን ጠጠሮች ቆጠረ፤ ተመለሱ፤ ግራሩን አገኙት፤ ከዚያ እንደገና ጀመሩ። የደረሱት ከተባለው ሰዓት አንድ ሰዓት ዘግይተው፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። በማርፈዱ ተገሠጸ። ሰዎቹ ሁሉ ነበሩ።

ተኩሱ ከቆመ በኋላ የደብረ ብርሃኑ መኮንን ሻለቃው ፊት ቀረበ። ሻለቃው የጥያቄ ወረቀቱን እያየ «መንገዱ እንደጠፋህ ያወቅኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለው።

«ሌሊት ስድስት...» ብሎ ጀመረና አቆመ። «ሐረር ነው፣ ጌታዬ። በሁለተኛው ወር።»

ሻለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። በወረቀቱ ላይ ለእንዲህ ያለ መልስ ቦታ አልነበረም።

ቅጣቱን ሲጠብቅ ራሱ ማመልከቻ ጻፈ፤ የካርታ ትምህርት ከሚጀምሩ አዲስ ዕጩዎች ጋር እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ አለ። የሚያውቁት ሁሉ ማዕረጉን ያዋርዳል ብለው ለመኑት፤ አልሰማም። ተፈቀደለት። ከኋላ ሳይሆን ከፊት ወንበር፣ ብቻውን ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ፈተና ከክፍሉ መጨረሻ ወጣ። ሁለተኛውንም ወደቀ። ሦስተኛውን በትንሽ ነጥብ አለፈ፤ ያቺ ነጥብ የራሱ ነበረች።