ጋራውን አከፋፍላችኋለሁ የሚል ተጠቋሚ

 

የዛሬው ጥያቄ ከገጠር የመጣ ነው፤ ከተማ ያላችሁትም ግን አትለፉት። በአማራ ክልል የገጠር ቀበሌዎች ነዋሪው የሚመርጠው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አለ። ስለ ማሳ ድንበር፣ ስለ ወል ግጦሽ፣ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ስለተደረገ ጋራ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

እንግዲህ ቦረና ውስጥ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቀበሌ አስቡ። ለኮሚቴው ሁለት ሰዎች ተጠቁመዋል እንበል። አንዱ «ከተመረጥኩ የተዘጋውን ጋራ ለመሬት አልባ ወጣቶች አከፋፍላለሁ» ይላል። ሌላው «ጋራው እንደተዘጋ ይቆያል» ይላል። እናንተ ሃያ ሦስት ዓመታችሁ ነው፤ የአባታችሁ ማሳ ለአምስት ልጅ አይበቃም። እጃችሁን ለማን ታወጣላችሁ?

«ለሁለተኛው ነዋ፣ አካባቢ ይጠበቅ» ብሎ ቶሎ የሚመልስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሬት ያለው ወይም ደመወዝተኛ ነው። የእናንተ ችግር የእውነት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን ድምፅ ምን እንደሆነ እንይ። በዘመናችን ያሉ ዑለሞች ድምፅ መስጠትን ከምስክርነት ይቆጥሩታል። «ይህ ሰው ለዚህ አማና ይበቃል» ብላችሁ አላህ ፊት መመስከራችሁ ነው። ምስክር ደግሞ ከሚመሰክርለት ሰው አይከፈለውም። ተጠቋሚው ከኪሱ ብር ቢያወጣላችሁ ሪሽዋ ነው ብላችሁ ትሸሹ ነበር። ጋራው እኮ ከኪሱ እንኳ የወጣ አይደለም። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችሁ ላሟን የምታበላበት ሳር፣ ከታች ያለው መንደር የሚቀዳው ምንጭ ነው። ቁልቁለት ቢታረስ ጥቂት ክረምት ያበላ ይሆናል፤ ከዚያ አፈሩ ወደ ዓባይ ይወርድና ድንጋዩ ለእናንተ ይቀራል።

ደግሞ በስብሰባው ላይ የሌሉ አሉ። ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ የደንቆሮ ደን አለ፤ በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። ኮሶው፣ አስታው፣ ጅብራው እዚያ አለ፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የለም፤ በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም። ቀበሮ እጅ አያወጣም። ያልተወለደ ልጅም አያወጣም። እናንተ ስታወጡ ግን በእነሱም ላይ ነው የምትወስኑት።

እስከዚህ ድረስ ሁለተኛውን ተጠቋሚ ያጸደቅኩት ይመስላል። ገና ነኝ።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የተከለለ ግጦሽ ነበራቸው፤ ሒማ ይባላል። ጠባቂ አድርገው የሾሙት ሁነይን ነው። በቡኻሪ ሶሒሕ እንደተዘገበው ሲሾሙት የመዝሉምን ዱዓ እንዲፈራ፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው እንዲያስገባ አዘዙት። የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን ከብት ግን እንዲከለክል ነገሩት። ልብ በሉ፣ የተከለከሉት ሁለቱ ጀነት የተበሰሩ ታላላቅ ሶሓቦች ናቸው! ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የእነሱ ከብት ቢያልቅ እርሻና ተምር አላቸው፤ የድሃው ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል።

መከለሉ እንዳለ ነው፤ ዑመር የጠየቁት መከለሉ ማንን እንደሚጎዳ ነው። «ይዘጋ» ብቻ የሚል ተጠቋሚ ይህን ካልጠየቀ፣ ዘበኛው ኩበትና ጭራሮ የምትለቅመዋን ሴት እያባረረ የባለጸጋውን በሬ ሌሊት ያሳልፋል። ዝናው ለጋራው፣ ሸክሙ ለድሃው ይሆናል።

በጎረቤታችን መንዝ የጓሳው ሣር ለብዙ ዘመን የቆየው በዚህ ብልሃት ነው። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው «አባ ቄራ» የሚባል ኃላፊ ይመርጡ ነበር። እሱ ሣሩን ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋዋል፤ ማደጉን ሲያይ ደግሞ ይከፍተዋል፣ ሕዝቡም ያጭዳል። ሰው መዘጋቱን የታገሠው የሚከፈትበት ቀን ስላለ ነው። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ፤ ኋላ ነው በማኅበረሰብ ኮሚቴ ጥበቃው የተመለሰው።

ስለዚህ በስብሰባው ላይ ተነሱና ጠይቁ። የመጀመሪያውን፦ ጋራው ለስንት ሰው ይደርሳል? ዘንድሮ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ሃያ ሲሞላው ምን ይከፋፈላል? ሁለተኛውን፦ ሣሩ መቼ ይታጨዳል፣ መጀመሪያስ ማን ያጭዳል? መሬት የሌለን ወጣቶች ተደራጅተን ቀፎ ብንሰቅል፣ ሣሩን አጭደን በግ ብናደልብ ይፈቀዳል ወይ? የሊቀመንበሩ ከብት ገብቶ ቢገኝስ ይቀጣል?

ሁለተኛው ለዚህ መልስ ካለው፣ እኔ ብሆን እጄን ለእሱ አወጣለሁ፤ መሬት ባይኖረኝም። መልስ ከሌለው ሦስተኛ ሰው ጠቁሙ።