ለጓደኛዬ የላክሁለት ጥቅስ

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጓደኛዬ ማታ ደወለልኝ። ሥራ አግኝቷል። ፈተናውን አልፏል፣ ቃለ መጠይቁንም አልፏል፣ የቀረው ዋስ ብቻ ነው። ገንዘብ ያዥነት ስለሆነ ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ አጽፎ፣ ቀርቦ መፈረም አለበት። «አንተ አለህልኝ ብዬ ነው» አለኝ። «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ያን ሌሊት መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩ። ገለጥኩ ስል ያው ስልኬን ነው፤ መፈለጊያው ላይ «ዋስ» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፈ ምሳሌ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ምዕራፍ 6 ላይ ለሌላው ዋስ የሆነን ሰው በገዛ አፉ ቃል ከተጠመደ ሰው ይቆጥረዋል፤ ከአዳኝ እጅ እንደምታመልጥ ሚዳቋ ሩጥና ራስህን አድን ይለዋል። ምዕራፍ 11 እና 17ም ያስጠነቅቃሉ። ምዕራፍ 22 ደግሞ የምትከፍለው ካጣህ የምትተኛበትን አልጋ ሳይቀር ይወስዱብሃል ይላል። በማግሥቱ ጠዋት ይህችን የምዕራፍ 22ቷን ገልብጬ በቴሌግራም ላክሁለት። ከሥሯም «ይቅርታ ወንድሜ፣ ቃሉ ስለሚከለክለኝ ነው» ብዬ ጨመርኩ። እንዳነበበው አየሁ። ምንም አልመለሰም። ቀኑ አለፈበትና ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ፍርሃቴ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ አባቴ ለሥራ ባልደረባው ዋስ ሆኖ ነበር። ሰውዬው ገንዘቡን ይዞ ጠፋ፤ የአባቴ ደመወዝ ለረጅም ጊዜ እየተቆረጠ ቤታችን ገባ። እናቴ የወሩን መጨረሻ ሳምንት በሽሮ እንዴት እንደምታሻግረው አይቻለሁ። ስለዚህ የምሳሌው ጸሐፊ አልጋ ሲል ስለምን እንደሚያወራ ይገባኛል። እኛም እኮ ቋንቋችን ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው፣ ባለዕዳና አበዳሪ አንድ ላይ ታስረው ከሚውሉበት ከድሮው የቁራኛ ሥርዓት በቀረ ቃል ነው። ያን ጊዜ ሰውን ከዚያ ሰንሰለት የሚያስፈታው ዋስ ነበር። የሚፈታ ሰው ሲኖር በእሱ ፈንታ የሚያዝም አለ።

ግን ጥያቄዬ ስለ ፍርሃቴ አይደለም። ያን ሌሊት ስልኬን ስከፍት «እምቢ» ማለቴን ጨርሼ ነበር። ጥቅሱን የፈለግኩት ለማሳሰር እንጂ ለመማር አልነበረም። ጠበቃ አንቀጽ እንደሚፈልገው ማለት ነው።

ይህን ያወቅኩት ከወራት በኋላ፣ እዚያው መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 3 ላይ ስደርስ ነው። በእጅህ ሊሰጥ የሚችል ነገር እያለህ ባልንጀራህን ሂድና ተመለስ፣ ነገ እሰጥሃለሁ አትበለው የሚል ምክር አለ። ነገ! «ነገ እነግርሃለሁ» ያልኩት እኔ። ያው መጽሐፍ ነው፣ ከምዕራፍ 22 የሚለየው ጥቂት ገጽ ነው። መፈለጊያው ላይ «ዋስ» ብዬ ስለጻፍኩ ግን አልመጣልኝም።

መጽሐፈ ምሳሌ እንዲህ ያለ ነገር አያሳፍረውም። ምዕራፍ 26 ላይ ቁጥር 4 ለሰነፍ በስንፍናው ልክ አትመልስለት ይላል፤ ቁጥር 5 ወዲያው ቀጥሎ መልስለት ይላል። ጎን ለጎን! የሰበሰቡት ሰዎች ተሳስተው የተዉት አይመስለኝም። ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ቀን አለ፤ ዛሬ የትኛው ቀን እንደሆነ መለየቱን ግን ለአንባቢው ትተውታል። እኔ ደግሞ ይህን ሥራ ሳልሠራው ጓደኛዬ ላይ ጣልኩት።

ስለ ዋስትና ራሱ ብንሄድ ታሪኩ የበለጠ ይወሳሰባል። በዘፍጥረት፣ ያዕቆብ ብንያምን ወደ ግብፅ አልክም ሲል መጀመሪያ የቀረበው ሮቤል ነው፤ ካልመለስኩት ሁለቱን ልጆቼን ግደል አለ። ያዕቆብ አልተቀበለውም። (አያት የልጅ ልጆቹን ገድሎ ምን ሊጠቀም?) በኋላ ይሁዳ መጣና ራሱን ዋስ አደረገ፣ ያዕቆብም ፈቀደ። ሮቤል ያስያዘው ሌላ ሰው ነው፣ ይሁዳ ግን ራሱን። ዮሴፍን እንሽጠው ያለው ይኸው ይሁዳ እንደነበር ሳስታውስ ታሪኩ ይከብደኛል። ጳውሎስም ለፊልሞና ስለ አናሲሞስ ሲጽፍ፣ ዕዳ ካለበት በእኔ ቁጠረው ብሎ በገዛ እጁ ቃል ገብቷል። እነዚህ ሁለቱ ምዕራፍ 22ን ቢያነቡ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?

መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት መጽሐፈ ሲራክ ውስጥ ነው። በ66ቱ ለምታነቡ የለም፣ በ81ዱ ግን አለ። ምዕራፍ 29 ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል ይላል፤ ዋስ የሆነልህን ሰው ውለታ አትርሳ ይላል፤ ዋስትና ብዙዎችን እንዳጠፋም አይደብቅም። ከዚያ በአቅምህ መጠን እርዳ፣ ራስህ እንዳትወድቅ ግን ተጠንቀቅ ብሎ ያልፋል። በአቅም መጠን። የሚገርመው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቁጥር 1922 ላይ፣ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበትን የዋስትና ውል ዋጋ አይሰጠውም። ልክ የሌለው ዋስትና ዋስትና አይደለም ማለት ነው። እኔ ጓደኛዬን «እስከ ስንት ብር ነው?» ብዬ እንኳን አልጠየቅኩትም። ከእምነቴ ይልቅ ይህ ጥያቄ ይቀርበኝ ነበር።

ሌላም ያልነገርኳችሁ አለ። የእኔ የመጀመሪያ ሥራም ዋስ ይጠይቅ ነበር። የፈረሙልኝ የእናቴ የጽዋ ማኅበርተኛ፣ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ እትዬ ናቸው። ስሜን እንኳን በቁልምጫ እንጂ በሙሉው አያውቁትም ነበር፤ ቅጹ ላይ አይተው «ለካ እንዲህ ነው ስምህ» አሉ። ፈርመው ሲወጡ «አደራ እንዳታሳፍረኝ» አሉኝና ታክሲ ያዙ። በቃ።

ባለፈው ዓመት ጓደኛዬን አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሌላ ሥራ ይዟል፣ ደህና ነው። የአባቴን ነገር ነገርኩት፣ ለካ ሰምቶት አያውቅም። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እፈራለሁ ብትለኝ እኮ ይገባኝ ነበር» አለኝ። «እግዜርን ምን አስገባህበት?»

አሁን ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ቅጽ አለ። እኛ ቢሮ ተለማማጅ የነበረ ልጅ ነው ያመጣው፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊቀጠር ነው። የብሩ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ነው። አስሞላና ና አልኩት። «እስከ ሰኞ ያደርሱልኛል?» አለኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ እንዳለሁ ነገርኩት።