ቤት የሚጠረገው በማን ዓይን ነው?

በዓል ሲቃረብ በየቤቱ አንድ ዓይነት ሥራ ይጀመራል። ግድግዳው ይቀባል ወይም በጭቃ ይመረጋል፤ የአፈር ወለል በእበት ይለቀለቃል፤ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ በሣጥን የከረመው ሲኒ ወጥቶ ይታጠባል፤ በመጨረሻም ቄጠማው ይጎዘጎዛል፥ ዕጣኑም ይጤሳል። ይህ ሥራ በከተማም በገጠርም፥ በባለጸጋውም በድኃውም ቤት ያው ነው። ነገር ግን የተለመደ ስለ ሆነ ብቻ ሳይመረመር የሚታለፍ አንድ ጥያቄ በውስጡ አለ፤ ይኸውም ለእንግዳ ብሎ ቤትን ማጽዳት ምግባር ነው ወይስ ግብዝነት? የሚለው ነው።

ጥያቄው በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ግብዝነት ነው የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ቤቱ ዓመቱን ሁሉ ተዝረክርኮ ከርሞ እንግዳ በሚመጣበት ዋዜማ ብቻ ቢያምር፥ ባለቤቱ ያልሆነውን መስሎ ለመታየት መድከሙ ነው ይላሉ። ጌታችን ጽዋውንና ሳሕኑን በውጭ እያጠሩ ውስጣቸው ቅሚያ የሞላባቸውን ሰዎች መገሠጹንም ያስታውሳሉ። ምግባር ነው የሚሉትም ምክንያት አላቸው። አባታችን አብርሃም በመምሬ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ እንግዶችን ባየ ጊዜ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ለእግራቸው ውሃ አስመጣ፥ ለማዕዳቸውም ጥጃ አሳረደ እንጂ እንደ ዘወትሩ ሆኖ አልጠበቃቸውም ይላሉ።

ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቀው ነገር የሚገኘው የጽዳቱን ሥራ ራሱን በመመርመር ነው። ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን በኖረ መጠን ቤቱን ማየት ይተዋል። ከምድጃው በላይ የተጋገረው ጥላሸት፥ በደጃፉ የተሰበረው ድንጋይ፥ በማእዘኑ ያደራው የሸረሪት ድር ዕለት ዕለት ከፊቱ ሳሉ ለእርሱ እንደሌሉ ይሆናሉ። እንግዳ እንደሚመጣ በሰማ ጊዜ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይታዩታል። ቤቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዓይኑ ነው፤ በእንግዳው ዓይን ማየት ጀምሯልና። እንግዲህ ለበዓል ቤትን ማጽዳት በመሠረቱ የሌላውን ሰው ዓይን ተውሶ የራስን ቤት መመልከት ነው። ይህም የፍቅር መጀመሪያ ነው እንጂ ግብዝነት አይደለም። ግብዝ የሚጨነቀው እንግዳው ስለ እርሱ ምን እንደሚል ነው፤ መልካም አስተናጋጅ የሚጨነቀው እንግዳው በቤቱ ዕረፍት ያገኝ እንደ ሆነ ነው። መጥረጊያው አንድ ሲሆን ልቡ ሁለት ነው።

ስለዚህ ቤት የምናጸዳው ለማን ነው? ከማለት ይልቅ፥ የምናጸዳው በማን ዓይን እያየን ነው? ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ለዚህ ነገር አጋሮ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። አጋሮ ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከጥንቶቹ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ በነበረው በጎማ ምድር የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። በአገሩ የሚበዛው ሕዝብ የእስልምና ተከታይ ሲሆን ክርስቲያኑም ከእርሱ ጋር በአንድ መንደርና በአንድ ገበያ ይኖራል። በዚህ አገር የገና ወይም የፋሲካ እንግዳ ብዙ ጊዜ ሙስሊም ጎረቤት ነው። የዚህን ጎረቤት ዓይን ለተዋሰ አስተናጋጅ የግድግዳው ቀለም ብቻ አይበቃውም። ጎረቤቱ ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ያውቃልና በጉን ወይም ዶሮውን ሙስሊም ወዳጁ እንዲያርድለት ይለምናል፤ ድስቱንና ሳሕኑን ለይቶ ያስቀምጣል። ሙስሊሙም በዒድና በዐረፋ ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ልማድ በወሎም በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል የታወቀ ነው። ሥጋው ይለያል፤ ቡናው ግን ከአንድ ጀበና ይቀዳል። እንዲህ ባለው ቤት ንጹሕ ዕቃ ማለት የሚያብረቀርቅ ዕቃ ማለት አይደለም፤ እንግዳው ያለ ጥርጥር እጁን የሚዘረጋበት ዕቃ ማለት ነው።

ይህ መተማመን ቀላል ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ በመስቀል በዓል ሰሞን፥ በጅማ አካባቢ በሁለቱ እምነቶች ተከታዮች መካከል በተነሣው ጠብ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጥለዋል። እንዲህ ያለውን ዘመን ያየ ሰው በጎረቤት ስም ተለይቶ የተቀመጠ አንድ ድስት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ጎረቤቱ ገና ሳይመጣ፥ እንደሚመጣ የታመነበት ምልክት ነውና።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ተከበረው እንግዳ ዓይን ነው። ይሁን እንጂ በበዓል ዋዜማ በቤቱ ውስጥ ሌላ ዓይን አለ፤ እርሱም የሚጠርገው ሰው ዓይን ነው። በብዙ ቤት መጥረጊያውን የያዘችው ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። ለእንግዳው ደስታ ሲባል ከሌሊት ትነሣለች፤ ምንጣፍ ታራግፋለች፥ ሽንኩርት ትከትፋለች፥ ወለል ትወለውላለች። እንግዳው ሲገባ እርስዋ በጓዳ ናት። የምትተኛበት ማእዘንም ብዙ ጊዜ ለበዓሉ ያልተጠረገ ብቸኛው ስፍራ ሆኖ ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር በአንድ ቤት የሚኖር የቤት ሠራተኛ የሚሠራበትን ሁኔታ ለአሠሪው ኅሊና ትቶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ይህን የቤት ውስጥ አገልግሎት ከሚገዛቸው ሥራዎች ውጭ አድርጎታል። ሕግ ለኅሊና በተወው ስፍራ ኅሊና ዝም ካለ ታዲያ ማን ይናገራል?

የማርታንና የማርያምን ነገር በወንጌል ስንሰማ ማርታን መንቀፍ ይቀናናል። ነገር ግን ማርታ ያዘነችው ብቻዋን እንድታገለግል ስለ ተተወች መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ጌታችንም የመከራት በብዙ ነገር መታወክዋን አይቶ ነው። የቤቱን ሥራ ሁሉ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ጭኖ ሌላው ሁሉ ከእንግዳው ጋር ተቀምጦ መጫወት የማርያምን ዕድል መምረጥ አይባልም። ለማርታ የማርያምን ዕድል መከልከል ነው እንጂ። በዓሉ ለሚጠርገው ሰው ካልሆነ፥ ቤቱ በደከመ ሰው ላብ የታጠበ ነው እንጂ ንጹሕ ነው ሊባል አይገባውም።

ሦስተኛው ዓይን ከአጥር ውጭ ያለው ሰው ዓይን ነው። ቆሻሻ ከቤት ተጠርጎ በወጣ ጊዜ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ሰው ደጃፉን አጥርቶ ጥራጊውን ከጎረቤቱ አጥር ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ቢደፋው፥ የሌላውን ቤት አቆሸሸ ሊባል ነው። አባቶቻችን ይህን በመከራ የተማሩበት ዘመን አለ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ወደ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፥ በየሰፈሩ ጥራጊን ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ቆየ፤ ኅዳር ሲታጠን መባሉም ስለዚህ ነው። ዛሬ የጥራጊው ብዙ ክፍል ፕላስቲክ ሆኗል፤ ጭሱም ለሳንባ ጎጂ መሆኑ ታውቋልና ማቃጠሉ ቢቀር ይሻላል። የልማዱ ትምህርት ግን ሊቀር አይገባውም። በሽታ በአጥር አይከለከልምና አንድ ቤት ለብቻው ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

በቡና አገር ይህ ትምህርት ከቤት አልፎ በወንዝ ላይ ይታያል። በአጋሮና በአካባቢው የቀላው ቡና ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። ስለዚህ የገና በዓል የሚውለው ለቀማው ሊያበቃ ሲቃረብ፥ ገንዘብም በእጅ በገባበት ወራት ነው። የታጠበ ቡና ለማዘጋጀት በማጠቢያ ጣቢያዎች የእሸቱ ቅርፊት በመፈልፈያ ይገፈፋል፤ በፍሬው ላይ የሚቀረው ልጋግም በብዙ ውሃ ይታጠባል። ያ ውሃ ሳይጣራ ወደ ወንዝ የተለቀቀ እንደ ሆነ ይበሰብሳል፤ በውሃው ውስጥ ያለው ፍጥረት የሚተነፍሰውን አየር ያጠፋል፥ ይሸታል፥ በታች ያለው ሕዝብና ከብቱ የሚጠጣውን ያበላሻል። በጅማ ዙሪያ ባሉ ወንዞች ይህ ጉዳት በምሁራን ተመርምሮ የታወቀ ነው። ቡናው በባሕር ማዶ ስለ ንጽሕናው ይመሰገናል፤ በታች ያለችው እናት ግን ለበዓል ልጅዋን የምታጥብበት ውሃ ታጣለች። እንግዲህ ጥራጊው የት ደረሰ? ብሎ የማይጠይቅ ንጽሕና ግማሽ ንጽሕና ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ከእርሱ ምንም የማይሰወርበት የእግዚአብሔር ዓይን ነው። እንግዳ በሚመጣበት ቀን ስፍራ ያጣው ዕቃ ሁሉ ወደ አንድ ክፍል ተከትቶ በሩ መዘጋቱን የማያውቅ የለም። ሰው በልቡም እንዲሁ ያደርጋል። ከወንድም ጋር ያለውን የርስት ክርክር፥ ለአማት ያልተባለውን ይቅርታ፥ ከሩቅ አገር መጥቶ ቡናውን ለለቀመው ሠራተኛ ሳይከፈል የቀረውን የቀን ዋጋ በአንድ ጓዳ ቆልፎ በሳሎኑ ዕጣን ያጤሳል። በወንጌል የተነገረው የባዶው ቤት ምሳሌ ይህን ያስረዳል። የወጣው ርኩስ መንፈስ ተመልሶ ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ ቢያገኘው ሌሎች ሰባት አስከትሎ ገባበት። ጥፋቱ ቤቱ መጠረጉ አልነበረም፤ ተጠርጎ ባዶ መቅረቱ ነበር እንጂ። የተቆለፈው ጓዳ ካልተከፈተ፥ በዕዳና በቂም ፈንታም ፍቅርና ፍትሕ ካልገቡበት፥ ቤታችን ያማረ ባዶ ቤት ነው።

በዚህ ነገር ካህናት ታላቅ ድርሻ አላቸው። ጠበል ለመርጨት ወደ ንስሐ ልጁ ቤት የሚገባ ካህን እንደ ሌላው እንግዳ በሳሎን ብቻ አይቀመጥም። ወጥ ቤቱንም ጓዳውንም፥ የሠራተኛዋንም መኝታ ይረጫል፤ ሲረጭም ያያል። ያየውንም በፍቅር ቢጠይቅ፥ ይህች ልጅ ቅዳሴ የምትሄደው መቼ ነው? የለቃሚዎቹስ ዋጋ ተከፍሏልን? ቢል፥ የቤቱን ጌታ አሳፈረ አይባልም። ማንም እንግዳ የማይሰጠውን ዓይን አዋሰው እንጂ። ምእመናንም ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ሥራውን ለቤተ ሰብ ሁሉ አካፍለው፥ ባልም ልጆችም መጥረጊያ ቢያነሡ፥ የሠራተኛዋን ማእዘን ከሳሎኑ አስቀድመው ቢያጸዱ፥ ዕዳቸውን ከፍለው የተጣሉትን ቢታረቁ፥ ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ለመቀባት ጊዜ ቢያጥራቸው እንኳ ቤታቸው ለእንግዳ የተዘጋጀ ነው።

በወንጌል አንዲት ሌላ ሴትም መጥረጊያ አንሥታለች። ከዐሥር ድሪም አንዱ ጠፍቶባት መብራት አብርታ ቤቷን ጠረገች፥ እስክታገኘውም ድረስ ፈለገች። ጎረቤቶችዋን ለደስታ የጠራችው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ እንግዳ ጠርተን እንጠርጋለን፤ እርስዋ ጠርጋ፥ የጠፋውን አግኝታ፥ እንግዳ ጠራች። በየቤታችን ጥግ ተረስቶ የወደቀው ድሪም ማን እንደ ሆነ እያንዳንዳችን እናውቃለን። በመጪው በዓል መጥረጊያ ባነሣን ጊዜ አስቀድመን እርሱን እንድንፈልግ የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።