ባለቤትና ባዕድ፦ በሥራ ቦታ ስለ መተማመን



በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ወንፈል የወጡ አጫጆችን ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ተቆጣጣሪ የላቸውም፤ ሆኖም የሚለግም እምብዛም አይገኝም። ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ የሚያጭድ ሰው ነገ ጎረቤቱ በእርሱ ማሳ እንደሚሰለፍለት ያምናል። በዚያም ላይ በስሙ የሚታወቅ፣ የእገሌ ልጅ የሚባል ሰው ነው፤ ቢለግም ስሙ ይጎድፋል።

የዚህ ገበሬ ልጅ ግን ዛሬ ደመወዝ ፍለጋ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለአካባቢው ወጣት ይህንኑ አዲስ ኑሮ የሚያመለክት ነው። እንግዲህ በወንፈል የተጋ እጅ በቅጥር ሥራ ስለ ምን ይዝላል?

ብዙ ጊዜ ምክንያቱን በስንፍና ላይ እንጥላለን። ነገር ግን የትም ቦታ ቢሆን በስሙ ሳይሆን በቁጥር የሚጠራ፣ ሲወጣ እንደ ሌባ የሚፈተሽ፣ ሐሳቡን የሚጠይቀው የሌለ ሰው ለዚያ ቤት ባዕድ መሆኑን ይማራል። ባዕድ ደግሞ አለቃው ሲያይ ይሠራል፤ ፊቱን ሲያዞር ያርፋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ብሂል የተሾመበትን ቤት የራሱ አድርጎ የማያይ ሰው ብሂል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ እንዳልሆነ፣ ሠራተኛውም ለራሱ ጭምር እንደሚሠራ ሊሰማው እንደሚገባ ያስተማሩት ስለዚህ ነው።

ማመን ማለት ግን ቁጥጥርን መተው አይደለም። የዕቁብ ገንዘብ በአባላቱ ፊት ሲቆጠር ማንም አይዋረድም፤ ቆጠራው ታላቁንም ታናሹንም እኩል ይመለከታልና። የሚያዋርደው ታናሹን ብቻ የሚጠረጥር ቁጥጥር ነው። እንዲሁም የወንዜን ልጅ ብቻ አምናለሁ የሚል አሠሪ ሌላውን ሁሉ ባዕድ ያደርገዋል።

አሠሪያችን ባያምነንስ? መብታችንን በግልጽ እንጠይቅ፤ በስውር በመለገም ግን አንበቀል። ታማኝነታችን ለአለቃ ደግነት የምንመልሰው ብድር ብቻ ከሆነ፣ ደግነቱ በቀረ ቀን እርሱም ይቀራል። ስማችንን የሰጠን አሠሪው አይደለምና በእርሱ ምክንያት ልናጎድፈው አይገባም።

እኛም አሠሪዎች መሆናችንን አንርሳ። በቤታችን እንጀራ የምትጋግረውን እኅት፣ ደጃችንን የሚጠብቀውን ወንድም በስማቸው እንጠራቸዋለንን? ወይስ ቁልፍ ስንቆልፍባቸው ብቻ እናስታውሳቸዋለን?